እርማት፦ የሚዛኑ ቁጥር ብቻውን አይበቃም

ገጠር የሚኖሩ አረጋውያን ከመጠን ያለፈ ውፍረትን በቴሌሜዲሲን (ከሐኪም ጋር በስልክ ወይም በቪዲዮ በሚደረግ ሕክምና) ሲከታተሉ ክብደታቸውን በስልክ መላክ ይበቃቸዋል፣ ቁጥሩ ከወረደ ሕክምናው ሠርቷል የሚል ሐሳብ እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተባለ ነው፤ ግን ትክክል አይደለም።

ሚዛን ስብና ጡንቻን አይለይም። በዕድሜ የገፋ ሰው ምግብ ብቻ ቀንሶ ሲከሳ ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄዳል። በ2017 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ጥናት 160 ውፍረት ያለባቸው አረጋውያንን አሳትፏል። ክብደት ከቀነሱት መካከል አካላዊ ብቃታቸው ይበልጥ የተሻሻለው ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴንና እንደ ፈጣን እርምጃ ያለውን አጣምረው የሠሩት ናቸው።

ሐኪሙ ኪሎ ብቻ ከደረሰው ይህን አያይም። እናታችን ከሳሁ ብለው ሲደሰቱ እግራቸው እየደከመ ሊሆን ይችላል። ከዚያ መውደቅ፣ ስብራት ይመጣል። ሐኪም ቤት ሩቅ ለሆነበት ሰው ደግሞ ይሄ በጣም ከባድ ነው።

ማጣራት ይቻላል፤ እዚያው በቪዲዮው ፊት። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተነሥተው እንደሚቀመጡ ቁጠሩ። አንድ ሰው አጠገባቸው ይቁም፤ ካዞራቸው ወይም ካመማቸው ወዲያው ያቁሙ። ውጤቱን ከኪሎው ጋር ለሐኪሙ ንገሩት። በየጊዜው እየቀነሰ ከመጣ፣ ክብደቱ ጥሩ ቢወርድም እንኳ፣ የምግብና የእንቅስቃሴ ዕቅዱ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ።