«ሕመም ይችላል» የተባለው ገበሬ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በሚገኝ አዳራሽ በተካሄደ የጤና ውይይት ላይ አንድ ኃላፊ፣ የሳንባ ካንሰርን በካሜራ እየተመለከቱ በትንንሽ ቀዳዳዎች ማውጣት የሀብታም አገር ቅንጦት መሆኑን ከተናገሩ በኋላ፣ የእኛ ገበሬ ጠንካራ ስለሆነ ደረቱ ቢከፈትም ሕመሙን ይችለዋል ሲሉ አከሉበት። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ስለ በጀት እጥረት የተናገሩትን ልተወው እችላለሁ፤ ይህችን አባባል ግን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ደረት መክፈት ምን እንደሆነ ኃላፊው ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከትከሻ አጥንት ግርጌ ጀምሮ ወደ ጡት ሥር ይቀደዳል፤ ትልቁ የጀርባ ጡንቻ ብዙ ጊዜ ይቆረጣል፤ ከዚያም ሁለት የጎድን አጥንቶች በብረት መሣሪያ ተፈልቅቀው የሐኪሙ እጅ እስኪገባ ድረስ ይሰፋሉ። በአጥንቶቹ መካከል የሚያልፈው ነርቭ ስለሚጎዳ፣ ቁስሉ ከጠገገ በኋላም ሕመሙ በብዙዎች ላይ ለወራት፣ በአንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ለዓመታት ይቆያል። በካሜራ ሲሠራ ግን ከአንድ እስከ አራት የሚደርሱ ቀዳዳዎች ይበቃሉ፤ የተቆረጠው የሳንባ ክፍል በከረጢት ተደርጎ ከሁሉ ሰፋ ባለው ቀዳዳ ይወጣል፤ የጎድን አጥንት አይፈለቀቅም።

እንግዲህ ያ የሚቆረጠው የጀርባ ጡንቻ ለማን የበለጠ እንደሚያስፈልግ እንመልከት። ማለዳ ከሐይቁ ዳር የቆመ ሰው፣ ከዘጌ በኩል ማገዶ ጭኖ የሚመጣውን የደንገል ታንኳ ያያል። ቀዛፊው አንዱን ረጅም እንጨት መሐሉ ላይ ይዞ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ውኃውን ሲስብ ታንኳውን የሚገፋው ያው የጀርባው ጡንቻ ነው። እርፉን የሚጫነው፣ ዶማውን የሚያነሣው ክንድ፣ እንስራ የምታዝለው ሴት ወገብና ትከሻም ከዚያው ጡንቻ ጋር የተሳሰረ ነው። የለንደኑ የቢሮ ሠራተኛ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚመለሰው ወደ ወንበሩ ነው፤ በተኛባቸው ሳምንታትም ደመወዙ አይቋረጥበትም። ነሐሴ ላይ ደረቱ የተከፈተ የሜጫ ገበሬ ግን ኅዳር ላይ ማጭድ ሊጨብጥ ይጠበቅበታል። ደቦ ይጥራ የሚል ካለ፣ ደቦ ጠላና እንጀራ ይፈልጋል፤ ወንፈልም ቢሆን በጉልበት የሚከፈል ብድር ነው፤ ጉልበቱን የተቀማ ሰው በምን ይከፍለዋል? ጠባሳው ያነሰ ሕክምና ቅንጦት የሚሆነው፣ ከሆነም፣ በክንዱ ለማይኖር ሰው ነው። የኃላፊው ስሌት ተገልብጧል።

ደረቱ ተከፍቶ የታከመውን አጎቴን ላንሣ። የት ሆስፒታል እንደታከመ መናገር አያስፈልግም። ሐኪሞቹ በሕይወት አስነሥተውልናል፤ ለዚያ ምስጋና ይድረሳቸው። ከወራት በኋላ ልጠይቀው ስሄድ ግን ጋቢውን በአንድ እጁ ብቻ ሲጎትት አየሁት፤ ግራ ክንዱ ከጆሮው በላይ አይወጣም ነበር። ሌሊቱን የሚያሳልፈው ምሰሶ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ነው። እንዴት አደርህ ስለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት በቀር አንድም ቃል አልተነፈሰም። ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱ ለሕክምናው ተሽጦ ስለነበር፣ ያን ዓመት ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ሊያርስ ተስማምቶ፣ እርፉን የያዘው ልጁ ነበር። ኃላፊው ጥንካሬ ያሉት ይህን ዝምታ ከሆነ፣ ዝም ያለ ሁሉ ሕመም የለበትም ብለው የሚያምኑ ሐኪም እንዳይሆኑ እሰጋለሁ።

ማስረጃ ለሚጠይቅ፣ በብሪታንያ በ9 ሆስፒታሎች 503 ታካሚዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ በካሜራ የታከሙት ከአምስት ሳምንት በኋላ በአካል እንቅስቃሴ የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ካንሰሩን አጥርቶ በማውጣትም አላነሰም። የሆስፒታል ቆይታው ልዩነት አንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው የሚል ይኖራል። ይሁን። እኔ የምከራከረው ስለ አልጋው ሳይሆን ስለ ክንዱ ነው። ዕጢው ገዝፎ ወይም የደረት ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ሲገኝ ደረት መክፈት እንደማይቀርም አልክድም።

ሕመምተኞቻችን ዘግይተው ስለሚመጡ መሣሪያው ያለ ሥራ ይቀመጣል የሚለው ክርክር ደግሞ የራስን ጥፋት ለታካሚው ማሸከም ነው። ሳል የያዘው ሰው ራጅ ላይ ጠባሳ ሲታይበት፣ አክታው ባይመሰክርም እንኳ፣ ካንሰር ይሁን አይሁን ሳይመረመር የስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ተሰጥቶት ይሸኛል፤ አጎቴም በዚህ መንገድ ነው ጊዜው የተበላበት። በሳንባው ዙሪያ ውኃ ከቋጠረ ሰው ናሙና ወስዶ ካንሰር ይሁን ቲቢ የሚለየው፣ መግል የሞላበትን ደረትም የሚያጥበው ይኸው ካሜራ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ያኮቤዎስ እ.ኤ.አ. በ1910 የደረትን ውስጥ በመመልከቻ ቱቦ ማየት ሲጀምር፣ ዘዴው የተስፋፋውም ለቲቢ ሕሙማን ነበር። ስክሪኑና መብራቱ የሐሞት ጠጠር ለሚወጣለትም ያገለግላል። ሳንባውን እየሰፋ የሚቆርጠውና ከተሠራበት በኋላ የሚጣለው ስቴፕለር ውድ ነው፤ አንዱን ሳንባ አሳርፎ በሌላው የሚያስተነፍስ የሰመመን ባለሙያ ማሠልጠንም ጊዜ ይወስዳል፤ ሆኖም ይህ ሁሉ ሥልጠናውን ዛሬ ለመጀመር ምክንያት እንጂ ላለመጀመር ሰበብ አይሆንም።

የውይይቱ ቃለ ጉባኤ ገና እንዳልጸደቀ ሰምቻለሁ። ገበሬው ሕመም ይችላል የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ከዚያ ትሰረዝ፤ በምትኩም ከሐምሌ በፊት ለበጀት የሚቀርበው ዝርዝር ውስጥ የደረት ካሜራና የሁለት ሐኪሞች ሥልጠና ይግቡ።