ዜሮ ምን ይከሰሳል!

የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ሰው ብልሃት አያልቅበትም። ከብልሃቶቹ ሁሉ ግን ቨርዥን ቁጥሩ ላይ ከነጥብ በፊት የሚያስቀምጣት አንዲት ዜሮ ትበልጣለች። ላይብረሪው (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) ደመወዝ ያሰላል፣ ገንዘብ ያስተላልፋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰርቨር ላይ ያድራል፤ ቨርዥኑ ግን 0.37.2 ነው። ነገ ቢሰበር ማንን ትከሳላችሁ? ገና አልተወለደማ!

ሕጉም ከጎኑ ነው። የቨርዥን ቁጥር አሰጣጥ ደንቡ፣ ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ፣ 4ኛ አንቀጹ ላይ፣ በዜሮ የሚጀምር ሁሉ በፈለገው ሰዓት ሊለወጥ እንደሚችል ይፈቅዳል። የማርያም መንገድ ይሏል ይኼ ነው። ያው ሰነድ ታች ጥያቄና መልሱ ጋ፣ ፕሮዳክሽን (እውነተኛ ሥራ) ላይ የዋለ ሶፍትዌር 1.0.0 ሊባል ይገባው እንደነበር ይናገራል። ግን እስከዚያ ድረስ ማን ወርዶ ያነባል?

ሐሙስ ማታ 0.4.1 የነበረው አርብ 0.5.0 ሆኖ ይነጋል፤ የፈንክሽኑ ስም ተቀይሯል፣ ከሦስቱ ፓራሜትሮች አንዱ የለም። የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎችን የሚያወርደው ኤንፒኤም ይህን ስለሚያውቅ ^0.4.1 (0.4.1 ወይም ከእሱ የሚስማማ አዲስ) ስትሉት ከ0.5.0 በታች ያለውን ብቻ ይወስዳል፤ ^0.0.3 ካላችሁት ደግሞ ከ0.0.3 ንቅንቅ አይልም። የሴኩሪቲ ጥገናው 0.5.0 ውስጥ ብቻ ከገባ ታዲያ አይደርሳችሁም። ይኼም በረከት ነው፤ አፕዴት ከሚባል ጣጣ ተገላገላችሁ።

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። እንደ ፈረንጆቹ በ1993 የተጀመረው ዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው) 1.0 የተባለው ግን በ2008 ነው፣ ጺም ሊያበቅል ሲል። የንድፍ ሶፍትዌሩ ፍሪካድማ ከ2002 እስከ 2024 በትዕግሥት ጠበቀ። የዌብ ገጽ መሥሪያው ሪአክት ብቻ ቸኮለ፤ በ2016 ከ0.14 በቀጥታ 15.0 ገባ። ጠዋት አራስ፣ ማታ ሚዜ።

ከዜሮ መውጣት ግድ የሆነበት ሰው ደግሞ ጉሹን፣ ማለትም ገና ያልጠራውን የሙከራ ቨርዥን ይቅዳ፦ አልፋ፣ ቤታ፣ አርሲ (ለመለቀቅ የታጨው)። እዚህ ጋ አደራ፣ ከቁጥሩ በፊት ነጥብ እንዳታስገቡ። 1.0.0-አርሲ10 ብላችሁ ስትጽፉ ፊደሉና ቁጥሩ አንድ ላይ ስለተጣበቁ ኤንፒኤም እንደ ቃል ያነበዋል፤ 1 ከ9 ስለሚቀድም አርሲ10 ከአርሲ9 በታች ይሰለፋል። አርሲ.10 ብትሉት ኖሮ እንደ ቁጥር ቆጥሮ በትክክል ይደረድረው ነበር፣ ጨዋታውም ይፈርስ ነበር።

ኤንፒኤም ላይ ስትለቁትም ታግ (የትኛው ቨርዥን እንደሆነ የሚለይ መለያ) አትስጡት። ቤታው በነባሪው «ሌተስት» ታግ ይወጣና ምንም ያልጠየቀው ሁሉ ጉሹን ይጨልጣል። ኤንፒኤም 11 ግን ቤታን ያለ ታግ አላወጣም ብሎ ደስታችንን ነጠቀን፤ የፓይተኑ አውራጅ ፒፕማ ድሮም ካልለመኑት ቤታ የማይቀዳ ቆጥቋጣ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ነው። አዲስ ነገር የሚያስገባው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከአርሲ1 በኋላ በር ዘግቶ ጥገና ብቻ ይቀበላል፣ በየሳምንቱ አንድ እያወጣ አርሲ7 ወይም አርሲ8 ላይ ይለቀዋል። ምን ዓይነት ድርቅና ነው? እኛ ጋ ትልቁ ፊቸር የሚገባው አርሲ4 ላይ ነው። ቤታውንም ማንም ስለማይቀምሰው ስህተቱ የሚገኘው .0 በወጣ ማግስት ነው፣ ያኔ ሞካሪው ብዙ ነዋ!

«1.0 መቼ ይወጣል?» የሚል ትዕግሥት የለሽ አይጠፋም። ቁጥር ቆጥሮ 0.9 ላይ ሲደርስ ደስ ይለዋል፣ የቀረው አንድ ብቻ ይመስለዋል። ከ0.9 ቀጥሎ 0.10 ነው። ከ0.99 ቀጥሎም 0.100።