የሊንከንን ፎቶ ያዞሩት ሰዎች

ወገኖቼ፣ የአሜሪካ ዜግነት ይዛችሁ "እኔ ፖለቲካ አልወድም" የምትሉ፣ ምርጫ ሲደርስ ግን ስልካችሁ በዘፋኝ ቪዲዮ የሚሞላ፣ ዛሬ የምጽፈው ለእናንተ ነው። የምናገረው እንደ ወንድም ስለሆነ ቢመርም ዋጡልኝ።

ባለፈው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግ ጸጉር ቤት ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆነው የኛ ልጅ አለ። እዚሁ ነው የተወለደው፤ አማርኛው ግን ደህና ነው። ስልኩን ወደ እኔ አስጠጋና "ጋሼ፣ ይሄን ይዩት እስቲ" አለኝ። አንድ ራፐር ቀይ ኮፍያ አድርጎ ስለ ትራምፕ ያወራል። "እሱ እንኳን ከደገፈው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው" አለ ልጁ። ጸጉር አስተካካዩ ይህን ሲሰማ መቀሱን አስቀምጦ የራሱን ስልክ አወጣ። እሱ ያሳየን ደግሞ ለካማላ ሃሪስ መድረክ ላይ የወጣችውን ራፐር ነው። በቃ፣ ክርክሩ ተጀመረ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ የተወራው የማን ተከታይ ይበዛል፣ የማን ዘፈን ይበልጣል የሚለው ነው።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ። "የካውንቲያችን ዐቃቤ ሕግ ማን ነው?" ሁሉም ዝም አለ። ልጃችሁ ነገ በፖሊስ ቢያዝ ይከሰስ ወይስ ይለቀቅ ብሎ የሚወስነው ይህ ሰው ነው። ሥልጣን ላይ የሚያወጣው የኛው ድምፅ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ስሙን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ተው፣ ወገኔ። ተይ፣ እህቴ።

በኛ አገር አዝማሪ አለ። ማሲንቆውን ይዞ ከድግስ ይገባል፤ የሸለመውን ያወድሳል፤ የነፈገውን በሰምና ወርቅ ይሸነቁጣል። አድማጩ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ርስቱን ግን አዝማሪው ላወደሰው ሰው አያዛውርም። አባቶቻችን ጨዋታውንና ጉዳዩን መለየት ያውቁበት ነበር። እኛ ምን ነካን?

ራፐሮቹን ልስደባቸው አልተነሳሁም። እነሱም ዜጎች ናቸው፤ የፈለጉትን ይደግፉ። ግን ሥራቸውን ተመልከቱ። ሊል ዌይን በኦክቶበር 2020፣ ምርጫው ቀናት ሲቀሩት፣ ከትራምፕ ጋር የተነሳውን ፎቶ አወጣና አሞገሰው። በቀጣዩ ወር የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በጦር መሣሪያ ጉዳይ ከሰሰው። በዲሴምበር ጥፋተኛ ነኝ አለ። በጃንዋሪ 2021 ትራምፕ ከዋይት ሐውስ ሊወጣ ሰዓታት ሲቀሩት ምሕረት አደረገለት። ኮዳክ ብላክም በዚያው ዝርዝር ቅጣቱ ተቀነሰለት። ፊፍቲ ሴንት ደግሞ በዚያው በኦክቶበር 2020 የባይደንን የግብር ዕቅድ አይቶ "ትራምፕን ምረጡ" አለ፤ ቀናት ሳይቆይ ቃሉን አጠፈ። በነሱ ቦታ ብሆን እኔም ስለ እስሬና ስለ ግብሬ አስብ ይሆናል። ግን ግብሩ የሱ ነው። ክሱም የሱ ነው። አንተ በወር ሦስት ሺህ ዶላር ቤት ኪራይ የምትከፍል ታክሲ ነጂ፣ የሚሊየነር ግብር ምንህ ነው?

በሌላው ወገንም ያው ነው። በ2016 ጄይ ዚ ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው ክሊቭላንድ ላይ ለሂላሪ ክሊንተን ዘፈነ፤ ቢዮንሴም አብራው ነበረች። አዳራሹ በጭብጨባ ሞላ። ኦሃዮ ግን ለትራምፕ ሆነች። በ2024 ሜገን ዘ ስታሊየን አትላንታ፣ ካርዲ ቢ ሚልዋኪ ለሃሪስ መድረክ ወጡ። ሃሪስ ግን በጆርጂያም በዊስኮንሲንም ተሸነፈች። መድረክ ላይ የወጣው ሰው በማግሥቱ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከሕጉ ጋር የምንቀረው እኛ ነን።

ከዚህ ሁሉ መሐል አንዱ ብቻ ወረቀት ይዞ መጣ። አይስ ኪዩብ በ2020 ጥቁር አሜሪካውያን ይገባናል የሚሉትን ዘርዝሮ ጻፈና ለሁለቱም ፓርቲዎች አቀረበ። ዴሞክራቶቹ ከምርጫው በኋላ እንነጋገር አሉት። የትራምፕ ሰዎች ቁጭ ብለው አነጋገሩት። በዚህ ምክንያት ስድቡን ጠገበ፤ ሰውየው ግን ማንንም ምረጡ አላለም ነበር። በወረቀቱ ባትስማሙ ጥያቄ የለም። ግን ዋጋ ጠይቋል። ሌላው ሁሉ ፎቶ ነበር።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ።

ከኛ ሰው አፍ ስንቴ ሰማሁት መሰላችሁ። "ጥቁሮቹ እኮ አህያ ካዩ ይመርጣሉ፤ ዴሞክራት ይሁን እንጂ ማንም ይሁን።" አህያ የዴሞክራቶች ምልክት ነው። ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሳንወጣ ሳይቀር። እንደ ባዕድ "ጥቁሮቹ" እንላለን። በ1965 የመምረጥ መብት ሕጉም፣ ለአፍሪካ ሰው በር የከፈተው የኢሚግሬሽን ሕግም በአንድ ዓመት ውስጥ የወጡት በማን ደም ነው? እኛ ሻንጣችንን ይዘን የገባነው እነሱ በከፈቱት በር ነው። እንዲህ ያለውን ውለታ የሚረሳ ሰው የቀብር ዕድር እንኳን አያስገባውም።

ደግሞም ታሪኩ እንደምትሉት አይደለም። እነዚህ ሰዎች ፓርቲ ቀይረው ያውቃሉ።

ከባርነት ነፃ ያወጣቸው ሊንከን ሪፐብሊካን ነበር። በ1870 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ጥቁር ወንድ ድምፅ እንዲሰጥ ሲፈቀድ ድምፁ ወደዚያው ሄደ። ታላቁ ፍሬድሪክ ዳግላስ "መርከቧ ሪፐብሊካን ፓርቲ ነች፣ ሌላው ሁሉ ባሕር ነው" እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ከ60 ዓመት በላይ እንዲህ ቆዩ። በደቡብ ያለው በግብር፣ በፈተናና በገመድ ከምርጫ ጣቢያ ሲባረር ፓርቲው ዓይኑን ጨፈነ። እነሱ ግን ድምፅ መስጠት በቻሉበት ሁሉ የሊንከንን ውለታ መክፈላቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በ1932 ሮበርት ቫን ተነሳ። የፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጣ አሳታሚና ዋና አዘጋጅ ነው፤ ራሱም የሪፐብሊካን ሰው ነበር። ክሊቭላንድ ላይ ቆሞ ለወገኖቹ እንዲህ አለ፦ "ወዳጆቼ፣ ቤታችሁ ሂዱና የሊንከንን ፎቶ ወደ ግድግዳው አዙሩት። ያ ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል።"

ይህን ንግግር ሳነበው እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ የነበረው የጃንሆይ ፎቶ ታየኝ። በኛ ባህል ፎቶ ማዞር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያኔ በብዙ ጥቁር ቤት የሊንከን ምስል እንደዚያው ይከበር ነበር። ቫን ያዞረው ያንን ነው።

ጋዜጣውም ለኛ ባዕድ አይደለም። በ1935 ፋሺስት ጣሊያን ሲወረን ጋዜጠኛ ጆኤል ሮጀርስን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ፣ ጃንሆይን አነጋግሮ፣ የጦርነቱን ወሬ ለጥቁር አሜሪካዊ አንባቢ ያደረሰው ይኸው የቫን ጋዜጣ ነው። እኛን ሌላው ዓለም ሲረሳን ያልረሱን ሰዎች ናቸው።

በ1932 አብዛኛው ጥቁር መራጭ ቫንን አልሰማውም፤ ለሪፐብሊካኑ ሁቨር ሰጠ። በ1936 ግን ሥራና ዳቦ በዓይናቸው ሲያዩ ከ10 ጥቁር መራጭ 7 ያህሉ ወደ ዴሞክራቱ ሩዝቬልት ዞረ። ሩዝቬልት ጻድቅ ስለነበረ እንዳይመስላችሁ። የ1935ቱ የጡረታ ሕግ የእርሻ ሠራተኛንና የቤት ሠራተኛን ከውጪ አስቀርቷል፤ በደቡብ ያ ሥራ የማን እንደነበረ ግልጽ ነው። መራጮቹ ያገኙትንም የተነፈጉትንም ቆጥረው ነው የዞሩት። ቫን ራሱ በ1940 በሩዝቬልት አዝኖ የሪፐብሊካኑን ዊልኪን ደገፈ። ምርጫውን ሳያይ በኦክቶበር አረፈ።

በ1960 የሪፐብሊካኑ ዕጩ ኒክሰን ገና ሲሶ ያህሉን ጥቁር ድምፅ ያገኝ ነበር። ያን ኦክቶበር ማርቲን ሉተር ኪንግ ጆርጂያ ውስጥ ሲታሰር ዴሞክራቱ ኬኔዲ ለኪንግ ባለቤት ስልክ ደወለ። ኒክሰን ዝም አለ። ኒክሰንን ሊመርጡ የነበሩት የኪንግ አባት በዚያ ስልክ ተመለሱ። በ1964 ደግሞ የሪፐብሊካኑ ዕጩ ጎልድዋተር የሲቪል መብት ሕጉን ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። ያን ጊዜ ከመቶ 90 በላዩ ወደ ዴሞክራቱ ጆንሰን ሄደ፤ እስከ ዛሬም ከመቶ 80 በታች አልወረደም። ይህን የመንጋ ሥራ የሚል ሰው አንብቦ አያውቅም።

ይህን ካልኩ በኋላ እውነቱን ልጨርስ። ልማድ የሆነ ታማኝነት ያስንቃል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሆናል ነገሩ። በ1986 የወጣው ሕግ 5 ግራም ክራክ የያዘውንና 500 ግራም ዱቄት ኮኬይን የያዘውን እኩል ቢያንስ 5 ዓመት ያስፈርድ ነበር። ክራኩ በማን ሰፈር እንደነበረ ታውቃላችሁ። ፊርማው የሪፐብሊካኑ ሬገን ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤቱ ግን በዴሞክራቶች እጅ ነበር። ያ ልዩነት እስኪሻሻል 24 ዓመት ፈጀ። ሜይ 2020 ባይደን ሂፕሆፕ በሚያዳምጥ ወጣት ዘንድ በታወቀ የሬዲዮ ፕሮግራም ቀርቦ፣ ከእኔና ከትራምፕ አንዱን መምረጥ ካቃታችሁ ጥቁር አይደላችሁም ብሎ ተናገረ። በዚያው ቀን ተጸጽቷል። እኔ ግን አልረሳሁትም። አጅሬው ትራምፕም በ2016 ምን የምታጡት ነገር አለ ብሎ ጠይቋቸው ነበር። አንዱ ኪሴ ውስጥ ናችሁ አላቸው፤ ሌላው ምንም የላችሁም አላቸው።

ታዲያ መፍትሔው ወደ ሌላኛው መድረክ መዝለል ነው? አይደለም። ጎረቤቴን ልንገራችሁ። ከሳውዝ ካሮላይና የመጡ፣ ሰማንያ የተጠጉ ጥቁር እናት ናቸው። ቀደም ብሎ በሚሰጠው ድምፅ ቀን ወረፋው ረጅም ነበር። ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው መጥተዋል። ጉልበታቸው ላይ በፖስታ የሚላከው የናሙና ወረቀት ተዘርግቷል፤ በእርሳስ ምልክት ሞልቶታል። እኔ የመጣሁት የላይኛዋን አንድ ስም ይዤ ነው። እሳቸው ዳኛውን፣ የትምህርት ቦርዱን፣ ከታች ያለውን ጥያቄ ሁሉ ለይተው ጨርሰዋል። "የላይኛውን ማን ያጣዋል፣ ልጄ" አሉኝ። "ጠቡ ያለው በፕራይመሪው ነው። እዚያ ከራሴ ፓርቲ ጋር ነው የምጣላው።" ፕራይመሪ ማለት ፓርቲው ዕጩውን የሚለይበት የመጀመሪያው ምርጫ ነው።

የኒህ እናት አገር ሰዎች በ2020 ያደረጉትን አስታውሱ። የሳውዝ ካሮላይናው የምክር ቤት አባል ጂም ክላይበርን ባይደንን ጥቁር ሴት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲያጭ በአደባባይ ቃል ግባ ብለው ጎተጎቱት። ፌብሩዋሪ 25 በክርክሩ መድረክ ቃሉን ሰጠ። በማግሥቱ ክላይበርን ደገፉት፤ 29 ላይ ግዛቷን አሸነፈ። ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን በኤፕሪል 2022 ጸደቀች። ድጋፍ እንዲህ ነው የሚሰጠው። መጀመሪያ ዋጋ፣ ከዚያ ድምፅ።

እኛስ? በ2020 ትራምፕ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ሲል ተቆጣን። በ2021 ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ በባይደን መንግሥት የተቆጡ ብዙ ወገኖቻችን ቨርጂኒያ ውስጥ ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ቀሰቀሱ። ከ64 ሺህ ባነሰ ልዩነት አሸነፈ። "አሳየናቸው" ተባለ፤ ከበሮ ተመታ። መቆጣቱ መብታችሁ ነው፤ ፓርቲ መቀየሩም። ግን አገረ ገዥ በውጭ ጉዳይ ላይ ምን ሥልጣን አለው? በእጁ ያለው ትምህርት ቤት ነው፣ መንገድ ነው፣ የሥራ ፈቃድ ነው። በአገሯ ሐኪም የነበረች እህታችን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሽማግሌ ስትንከባከብ የምታድረው ለምንድን ነው ብሎ እሱን ደጁ ድረስ ሄዶ የጠየቀ ማን ነበረ? ቁጣችንን ሰጠን፤ ዝርዝር አልሰጠንም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

ሜሪላንድ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ስትመዘገቡ "ፓርቲ የለኝም" የምትለውን ሳጥን ትሞላላችሁ። ንጽህና ይመስላችኋል። ግን እዚህ የፓርቲ ፕራይመሪ የሚመርጠው የፓርቲው አባል ሆኖ የተመዘገበ ብቻ ነው። እንደ ሞንትጎመሪ ባለ አንድ ፓርቲ በገነነበት ካውንቲ ደግሞ ነገሩ የሚያልቀው እዚያው ፕራይመሪ ላይ ነው። ኖቬምበር ላይ የምትሰለፉት ባለቀ ጉዳይ ነው። ጸጉር ቤት ያገኘሁት ልጅም፣ ስጠይቀው፣ እንደዚሁ ነበር የተመዘገበው።

ቀይ ኮፍያውንም ሰማያዊውንም ውደዱ፤ ምርጫው የእናንተ ነው። ግን ፕራይመሪው ሳይደርስ ምዝገባችሁን እዩት። የመመዝገቢያ ቀኑ ካለፈ ፓርቲ መቀየር አይቻልም፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ አድርጉት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጆቻችሁ ቅጹን ያንብቡላችሁ። ዕጩው ቤተ ክርስቲያናችን ወይ መስጊዳችን ደጃፍ ሊጨብጣችሁ ሲመጣም እጁን ያዙትና፣ ፎቶ ከመነሳታችሁ በፊት፣ የዚያችን ሐኪም እህታችንን ጉዳይ ጠይቁት።