ፊት ወንበር

ሐዋሳ ከገባሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ቅዳሜ ዕለት የእህቴን ልጅ ይዤ ቲያትር ልናይ ሄድን። ቡድኑ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ድራማ ክበብ ውስጥ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ከቀኑ 8 ሰዓት ተሰለፍን። ከፊታችን ሃያ ሰው እንኳ የለም። መስኮቱ ጋ ስንደርስ «አልቋል» አሉን። «እኔ ነኝ የምከፍልልህ» ብላ ከቤት ያመጣችውን ሁለት መቶ ብር እንደጨበጠች ቀረች። ብሩ በላብ ርሷል።

ለድሮ ጓደኛዬ ደወልኩ። እሱም ለሌላ ሰው ደወለ። በጓሮ በር ገባን። ደስ አላለኝም፤ አብረውን የተሰለፉ ሁለት ተማሪዎች ውጭ ቆመው ያዩን ነበር።

ውስጥ ስንገባ ከፊት ያሉት ሁለት ረድፎች ባዶ ናቸው። ወንበሮቹ ላይ «ለክቡራን እንግዶች» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከፊታቸው የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። እንግዶቹ እስኪመጡ ተብሎ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። አልመጡም። ቲያትሩ ሲያልቅም ውሃው እንደታሸገ ነበር።

እኔ የምኖረው ኒውዮርክ ነው። እዚያ ብሮድዌይ በሚባለው የቲያትር ሰፈር ደህና ወንበር ከ100 ዶላር በላይ ነው። ለእንደኔ ዓይነቱ ሠራተኛ አይቀመስም። ግን እጣ አለ። በ1996 እ.ኤ.አ. «ሬንት» የተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር የፊት ሁለት ረድፎችን በ20 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ወጣቶች ትኬቱን ፍለጋ መንገድ ላይ ማደር ሲያበዙ በእጣ ሆነ። በ2015 እ.ኤ.አ. ብሮድዌይ የገባው «ሃሚልተን» ደግሞ የእጣውን ዋጋ 10 ዶላር አደረገ፤ የባለታሪኩ ምስል ያለው በ10 ዶላር ኖት ላይ ነው።

አሁን በስልክ ነው። ስምህን ትመዘግባለህ። ከሁለት ትኬት በላይ አይፈቀድም። እጣው ወጥቶልህ በተባለው ሰዓት ካልከፈልክ ያልፍሃል። ትኬቱን ስትወስድ መታወቂያ ታሳያለህ፤ ስለዚህ አየር በአየር መሸጥ ከባድ ነው። እኔ ሰባት ወር ሙሉ ሞክሬ ደረሰኝ። ፊት ተቀመጥኩ። የተዋናዩ ግንባር ላይ ላቡ ሲወርድ አየሁ። ማንንም አላስቸገርኩም፤ ማንም አልደወለልኝም።

እጣ ለኛ ምን አዲስ ነገር አለው? ዕቁብ በእጣ ነው። ኮንዶሚኒየም በእጣ ነው። ቅርጫ ስናርድ መደቡ የሚደርሰን በእጣ ነው፤ ሀብታም ደሃ አይልም፣ የደረሰህን ይዘህ ትገባለህ። ታዲያ ለሥጋ ያደረግነው ለቲያትር ለምን ያቅተናል? እንግዳ ማክበር ባህላችን ነው፤ አንድ ረድፍ ይያዝ። ሌላው ለተማሪ በእጣ ይሁን። ተማሪዋ ስሟን በስልክ ትላክ፤ ከወጣላት በቴሌብር ትክፈል። የክቡር እንግዳው ወንበርም ቲያትሩ ሲጀመር ባዶ ከሆነ ውጭ ለቆመው ይከፈት። አዳራሹ ገንዘብ አይጎድልበትም። ተዋናዩም ባዶ ወንበር እያየ ከመጫወት ይድናል። ያን ቀን ዋናው ተዋናይ ሲያለቅስ፣ ፊቱ የነበረው ወረቀትና ውሃ ነው! እስካሁን ያንገበግበኛል።

በባጃጅ ስንመለስ ልጅቷ ዝም ብላ ቆየች። የታቦርን ተራራ አልፈን ሰፈር ስንደርስ፣ «ጋሼ፣ ቆጥሬያቸው ነበር» አለችኝ። «ምኑን?» አልኳት።

«ወንበሮቹን። 24 ናቸው። እነዚያ ልጆች ሁለት ብቻ ነበሩ።»