ካውንት ጎር የቀን ሥራም ነበረው

ስለ ዋሽንግተኑ የቴሌቪዥን ቫምፓየር ካውንት ጎር ደ ቮል፣ ማለትም ገጸ ባህሪውን ስለሚጫወተው ስለ ዲክ ዳይዘል የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። ግን ወሬው ካባውና ጥርሱ ላይ ብቻ ቀረ። ሰውየው ከ1973 (በፈረንጆች) ጀምሮ በከተማዋ የቴሌቪዥን ጣቢያ በቻናል 20 ማታ ቫምፓየር ሆኖ አስፈሪ ፊልም ያቀርብ ነበር። በዚያው ጣቢያ ቀን ቀን ደግሞ ካፕቴን 20 ተብሎ የልጆች ፕሮግራም ይመራ ነበር። ቦዞ የተባለውን የልጆች ቀልደኛ (ክላውን) ገጸ ባህሪም ተጫውቷል። የያኔ ትንሽ ጣቢያ ሠራተኛ ሁሉንም ነበር የሚሠራው!

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ በ1987 ፕሮግራሙ ከተቋረጠ በኋላ ያደረገው ነው። እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1998፣ ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየተጎተተ በሚመጣበት ዘመን፣ ሳምንታዊ ዝግጅቱን ድረ ገጽ ላይ ጀመረ። ዛሬ ሁሉም የሚያደርገውን እሱ ያኔ አደረገው። ይሄን እንዴት ዘለላችሁት? ክፍል ሁለት ካለ እባካችሁ ከዚህ ጀምሩ።