እርማት፦ የናሙና ብዛት ብቻውን ግምቱን አያጠራም

«በአንድ ዕቃ ከሚራባ ባክቴሪያ በየግማሽ ሰዓቱ ናሙና ወስደን ነጥቦቹን ካበዛን፣ የሞኖ ሞዴል ሁለቱም ፓራሜትሮች በትክክል ይገኛሉ» የሚለው ሐሳብ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ስህተት ነው፤ ተማሪዎች ብዙ ድካም የሚያፈሱበት በመሆኑም በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

የሞኖ ሞዴል የባክቴሪያ የመራቢያ ፍጥነት በምግቡ መጠን እንዴት እንደሚወሰን የሚገልጽ ቀመር ነው፤ ሁለቱ ፓራሜትሮቹም ከፍተኛው ፍጥነትና የግማሽ ሙሌት መጠን፣ ማለትም ፍጥነቱ የከፍተኛው ግማሽ የሚሆንበት የምግብ መጠን ናቸው። የምግቡ መጠን ለራሱና ለግማሽ ሙሌቱ ድምር ሲካፈል፣ ፍጥነቱ የከፍተኛው ስንት እጅ እንደሆነ ይታወቃል። ፈረንሳዊው የባዮሎጂ ሊቅ ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ ለኢ. ኮላይ ባክቴሪያና ምግቡ ለሆነው ስኳር ለግሉኮስ ያቀረበው የግማሽ ሙሌት መጠን በሊትር 4 ሚሊግራም ገደማ ነው። ሙከራው በሊትር 2000 ሚሊግራም ግሉኮስ ከተጀመረ፣ 2000 ለ2004 (ለ2000 እና ለ4 ድምር) ሲካፈል 0.998 ስለሚሆን፣ ባክቴሪያው የሚራባው ከከፍተኛው ፍጥነት በማይለይ ፍጥነት ነው። የግማሽ ሙሌቱ መጠን 4 መሆኑ ቀርቶ 40 ቢሆን እንኳ ውጤቱ 0.98 ነው፤ ይህን ጥቂት ልዩነት ደግሞ የመለኪያው ስህተት በቀላሉ ይውጠዋል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ የተወሰዱ ሃያ ናሙናዎች ስለ ከፍተኛው ፍጥነት ይነግሩናል እንጂ ስለ ግማሽ ሙሌቱ ምንም አይሉም ማለት ይቻላል።

ስለ ግማሽ ሙሌቱ የሚናገረው መረጃ የሚገኘው ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ሲሆን፣ ባክቴሪያው እጅግ በበዛበት በዚያ ሰዓት ይህ ሁኔታ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ በየግማሽ ሰዓቱ የሚቀዳ ሰው አያገኘውም። በዚያ ሰዓት ናሙናዎችን አቀራርቦ መውሰድና ግሉኮሱን ራሱን መለካት፣ ከተቻለም ምግቡን በዝግታ እየጨመሩ መጠኑን ዝቅ አድርጎ ማቆየት ያስፈልጋል። የፊሸር የመረጃ ማትሪክስን፣ ማለትም ናሙናዎቹ ስለ ፓራሜትሮቹ ምን ያህል መረጃ እንደሚሰጡ የሚያሳየውን ስሌት፣ አስቀድሞ ማስላት የናሙናውን ሰዓት ለመምረጥ በእጅጉ ይረዳል፤ ስሌቱ ግን በመነሻ ግምት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ዕቅዱ ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ እንደገና መከለስ አለበት።