ጥቁር ተማሪዎችን ቤተኛ የሚያደርገው በዓል ሳይሆን በጀት ነው

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ፌብሩዋሪ በገባ ቁጥር የጥቁሮች ታሪክ ወር ይከበራል። ባነር ይሰቀላል፣ ተናጋሪ ይጋበዛል፣ ፕሬዚዳንቱ ለተማሪዎች በሙሉ ኢሜይል ይልካሉ። በዚያው ሴሚስተር የክፍያ ቢሮው ጥቂት መቶ ዶላር ዕዳ ያለበትን ተማሪ ለሚቀጥለው ሴሚስተር እንዳይመዘገብ ያግደዋል። የበዓሉ ኮሚቴ ይህን አያውቅም፤ የክፍያ ቢሮውም ነገሩ ከኮሚቴው ሥራ ጋር ይገናኛል ብሎ አያስብም። ጥቁር ተማሪ በግቢው ቤተኛ መሆኑ ወይም እንግዳ ሆኖ መቅረቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ግን እንዲህ ባሉ ተራ ቦታዎች ነው፦ ምዝገባ ላይ፣ ካልኩለስ በሚባለው የሂሳብ ትምህርት ክፍል ውስጥ፣ አማካሪው ቢሮ። በጀቱም መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው።

በዓሉ ይቅር እያልኩ አይደለም፤ ብቻውን ግን ሥራ አይሠራም። በ2011 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ግሪጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ለአንድ ሰዓት ያህል የነባር ተማሪዎችን ምስክርነት እንዲያነቡ ተደረገ። የምስክርነቱ ፍሬ ነገር፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው «ይህ ቦታ ለእኔ አይደለም» እያለ ይጨነቃል፣ እየቆየ ግን ይለመዳል የሚል ነበር። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች መካከል የነበረው የውጤት ልዩነት በግማሽ ያህል ጠበበ። ርካሽ መድኃኒት የተገኘ መሰለ። በ2023 ሙከራው በ22 ተቋማት፣ ወደ 27 ሺህ በሚጠጉ ተማሪዎች ላይ በሰፊው ሲካሄድ ግን መልእክቱ የጠቀመው ተማሪዎቹ የሚጠጉት ሰውና ቦታ በእርግጥ ባለበት ግቢ ነበር። «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» የተባለ ልጅ የሚለምደው ሰው ካላገኘ ቃሉ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

የሚጠጉት ሰውና ቦታ እንዴት እንደሚፈጠር ከሁሉ በላይ ያሳየው በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ የሂሳብ ሰው የሆነው ዩሪ ትራይስማን የሠራው ሥራ ነው። በዚያ ዘመን የመጀመሪያውን ካልኩለስ ከሚጨርሱት ጥቁር ተማሪዎች ከአሥሩ ስድስት ያህሉ ዲ ወይም ኤፍ ያገኙ ነበር። መምህራኑ ምክንያቱን የሚያውቁ ይመስላቸው ነበር፦ ፍላጎት ማጣት፣ ደካማ መሠረት፣ የቤተሰብ ድጋፍ አለመኖር፣ ድህነት። ትራይስማን 20 ጥቁርና 20 ቻይናዊ አሜሪካዊ ተማሪዎችን ማደሪያቸውና ቤተ መጻሕፍት ድረስ እየተከተለ ለ18 ወራት አጠና። ከአራቱ ግምቶች አንዱም አልያዘም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ ከ20ዎቹ ጥቁር ተማሪዎች 18ቱ ከክፍል ጓደኛ ጋር አጥንተው አያውቁም። መምህሩ «ለአንድ ሰዓት ትምህርት ሁለት ሰዓት አጥኑ» ስላላቸው በሳምንት 8 ሰዓት ብቻቸውን ያጠናሉ። ቻይናውያኑ መጀመሪያ በየግል ይሠሩና ማታ ተሰብስበው መልስ ያመሳክራሉ፤ አንዱ ሌላውን ይፈትናል፤ በድምሩ 14 ሰዓት ያህል ይደርሳል። ሁሉም የተሳሳቱት ጥያቄ ከባድ እንደሆነ፣ አንዱ ብቻ የተሳሳተው ግን የእሱ ጉድለት እንደሆነ በዚያው ያውቃሉ። ብቻውን ያለው ልጅ ይህን የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ከባድ ጥያቄ በገጠመው ቁጥር «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ይላል።

መፍትሔው ማጠናከሪያ ትምህርት አልነበረም። ወደ በርክሌይ የገቡት ጥቁር ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ሌላውን ሲያስጠኑ የኖሩ ጎበዞች ናቸው፤ «ለደካሞች» የተባለ ነገር ላይ አይመጡም። ስለዚህ ትራይስማን የጎበዞች ፕሮግራም ብሎ ጠራቸው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ያህል፣ ከአምስት እስከ ሰባት እየሆኑ ከፈተና በሚከብድ ጥያቄ ላይ ይሠራሉ። የተሳተፉት ጥቁር ተማሪዎች ካልተሳተፉት ነጭና እስያዊ የክፍል ጓደኞቻቸው የበለጠ ውጤት አመጡ።

ይህን አሠራር የቀዱ ብዙ ናቸው፤ ያበላሹትም ብዙ። የመጀመሪያው ብልሽት ጥያቄውን ማቅለል ነው። ቀላል ጥያቄን ሁሉም በየራሱ ሠርቶ ስለሚጨርሰው የሚያነጋግር ነገር አይኖርም። ሁለተኛው አስተባባሪው ነው፤ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ማስረዳት ከጀመረ ቡድኑ ወዲያው ወደ ሌክቸር ይለወጣል። ሥራው በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተዘዋወረ መስማት ነው፤ ቡድኑ ከተጣበቀ «እዚህ መስመር ላይ ለምን እንዲህ አላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ማለፍ። ሦስተኛው ቅንነት የሞላበት ስሕተት ነው፦ «እናዋህዳቸው» ብለው በየቡድኑ አንድ አንድ ጥቁር ተማሪ ይበትናሉ። ብቸኛው ጥቁር ቢሳሳት ስሕተቱ የእሱ ብቻ ሆኖ አይቆጠርለትም፤ ስለዚህ ዝም ማለትን ይመርጣል። ቢያንስ ሁለት ሆነው ይመደቡ። ሰዓቱም በተማሪው ፕሮግራም ውስጥ እንደ ኮርስ መመዝገብና ክሬዲት ማግኘት አለበት፤ ያለዚያ ማታ ሥራ ያለው ልጅ በመጀመሪያ የሚሰርዘው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ለሐበሻ ወላጆች የምለው አለኝ። «አንገትህን ደፍተህ ተማር፣ ከማንም ጋር አትግጠም» የሚለው ምክራችን ከፍቅርና ከፍርሃት የመጣ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እነዚያ 18 ተማሪዎች ያደረጉት በትክክል ይህንኑ ነው። ከዚያም የከፋው ልጆቻችንን ከጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ማኅበር እንዲርቁ መምከራችን ነው። የልጃችንን መታወቂያ የሚጠይቀው የግቢ ፖሊስ አዲስ አበባና አትላንታ ብሎ አይለይም። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት በኖቬምበር 1968 የጥቁር ተማሪዎች ማኅበርና አጋሮቹ ጀምረው ወደ አምስት ወር የዘለቀው አድማ ለጥቁርና ለሌሎች ቀለም ላላቸው ተማሪዎች በር ካስከፈቱት ትግሎች አንዱ ነበር፤ በዚያ በር የገባው የእኛም ልጅ ነው። የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር መልካም ነው፤ የጥቁር ተማሪዎችን ማኅበር ግን አይተካውም።

«ሕጉ ተለውጧል፣ አሁን ምን ማድረግ ይቻላል?» የሚሉ አስተዳዳሪዎች አሉ። በጁን 29 ቀን 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተማሪዎች ቅበላ ላይ ዘርን መመዘኛ ማድረግን ከልክሏል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላው ዩኤምቢሲ፣ ማለትም በባልቲሞር ካውንቲ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዚህ ጥያቄ ቀድሞ መልስ ሰጥቷል። የሳይንስ ተማሪዎችን የሚደግፈው የዩኤምቢሲ ማየርሆፍ ስኮላርሺፕ በ1988 ተመሥርቶ በ1989 የተቀበላቸው 19 ጥቁር ወንዶችን ብቻ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ሴቶች ተጨመሩ። የይግባኝ ፍርድ ቤት በሌላው የሜሪላንድ ካምፓስ ለጥቁሮች ብቻ የነበረውን ስኮላርሺፕ በ1994 ከሻረ በኋላ ማየርሆፍ በ1996 ለሁሉም ዘር ተከፈተ። አሠራሩ ግን አልተነካም፦ ከመጀመሪያው ዓመት በፊት ስድስት ሳምንት አብሮ መኖርና መማር፣ በቡድን ማጥናት፣ መሠረታዊ ኮርስ ላይ ሲ ላገኘ «ድገመው» የሚል ደፋር አማካሪ፣ ገና በጠዋቱ ላብራቶሪ መግባት። በሞደርና የኮቪድ ክትባት ምርምር የምትታወቀው ኪዝሚኪያ ኮርቤት በ2008 የተመረቀችው ከዚሁ ነው። ፍርድ ቤት የገባበት ማን ይግባ የሚለው ጥያቄ ነበር፤ ከገባ በኋላ እንዴት ይያዝ የሚለው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲው እጅ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ባደረገው ጥናት የመካከለኛው ነጭ ቤተሰብ ሀብት 285 ሺህ ዶላር፣ የጥቁሩ 44,900 ነበር። ስለዚህ 800 ዶላር ሲጎድል አንዱ ተማሪ አባቱ ጋ ይደውላል፣ ሌላው ትምህርቱን ያቋርጣል። አትላንታ የሚገኘው ጆርጂያ ስቴት በየሴሚስተሩ ብዙ ተማሪ እንዲህ በትንሽ ዕዳ ሲሰረዝ አይቶ በ2011 ገደማ ቀላል ነገር ጀመረ። ተማሪው ማመልከቻ አይጽፍም። ሠራተኞቹ የሚሰረዙትን ዝርዝር አውጥተው በትምህርቱ ደህና የሚሄደውን፣ ሌላ የገንዘብ ድጋፍ የጨረሰውን፣ ለመመረቅ የተቃረበውን ይለያሉ፤ ዕዳውን በቀጥታ ከሂሳቡ ላይ ይከፍሉና ከገንዘብ አማካሪ ጋር እንዲገናኝ ያደርጋሉ። አማካይ ክፍያው 900 ዶላር አካባቢ ነው። ተማሪው ሲቆይ የቀረውን ክፍያ ስለሚከፍል ገንዘቡ ለተቋሙ ይመለሳል። ከዚህ ጎን አማካሪዎች ቀጥሮ ለአንድ አማካሪ 700 የነበረውን የተማሪ ቁጥር ወደ 300 ገደማ አወረደ። የጥቁር ተማሪዎች የመመረቅ ምጣኔ ከነጮቹ ጋር እኩል ሆነ፣ አለፈውም። ማመልከቻ አለመጠየቁን አስምሩበት፤ እርዳታ መለመን የሚከብደው ልጅ ፎርም ሳይሞላ ቀን ያልፈዋል።

እንዲህ ያለው ሥራ የሚፈርሰው በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ሲወድቅ ነው። በዲፓርትመንቱ ያለው ብቸኛ ጥቁር ፕሮፌሰር ሃያ ተማሪ ያማክራል፣ በየኮሚቴው ይቀመጣል፣ ዕድገት ሲጠይቅ ግን የሚታይለት የምርምር ጽሑፉ ብቻ ነው። ማማከሩ ተቆጥሮ አንድ ኮርስ ይነሳለት። የጥቁር ተማሪዎች ማዕከሉም በአንድ ዓመት ኮንትራትና በለጋሽ ገንዘብ ሳይሆን በመደበኛ በጀት ይያዝ። ፖለቲካው ሲዞር ምን እንደሚሆን አይተናል፦ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የብዝኃነት ቢሮዎችን የከለከለው የቴክሳስ ሕግ በጃንዋሪ 2024 ሥራ ላይ ሲውል ኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ልዩ ባህሎች ማዕከሉን ዘጋ፣ በኤፕሪል ወደ 60 የሚጠጉ ሠራተኞችን አሰናበተ፤ የዩታ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዓመት የጥቁሮች የባህል ማዕከሉን ዘጋ። በእኔ እምነት ይህ ትልቅ በደል ነው፤ አራተኛ ዓመቱና አንደኛ ዓመቱ ያለ ቀጠሮ ተገናኝተው «ይህን ኮርስ ከማን ጋር ልውሰድ?» የሚባባሉበትን ክፍል ዌብሳይት አይተካውም። የአማካሪው፣ የጥናት ቡድኑና የዕዳ ክፍያው ሥራ ግን በመደበኛ ቢሮዎች ውስጥ ከገባ የማዕከሉ በር ሲዘጋ አብሮ አይዘጋም።

ልጅ ለማስገባት ግቢ የምትጎበኙ ወላጆች፣ ሕንፃውን ካያችሁ በኋላ እነዚህን ጠይቁ። ለአንድ አማካሪ ስንት ተማሪ ይደርሳል? ጥቁር ተማሪዎች በስድስት ዓመት ውስጥ የሚመረቁት በመቶ ስንት ናቸው፣ ከሌላውስ ሲነጻጸር? የአንደኛ ዓመት ካልኩለስና ኬሚስትሪ ላይ የጥናት ቡድን አለ፣ ክሬዲትስ ይያዝበታል? ዕዳ ምዝገባ የሚያግደው ከስንት ዶላር ጀምሮ ነው? ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሳይመዘገብ የቀረ ተማሪ ቢኖር ማን ነው የሚደውልለት፣ በስንት ቀን ውስጥ?